ሰባ ሰባት ላይ ከሰማይ የወረደው ስንዴ



የአደጋ ጊዜ ምላሽ ሥልጠናችሁን ጨርሳችሁ ከግሸን ማርያም ተራራ ሥር በመመረቃችሁ ደስ ብሎኛል። በየዓመቱ መስከረም 21 ለንግሥ ያን አቀበት የሚወጣውን ሕዝብ የምታስተናግዱ ልጆች ናችሁና ብዙ ሰው በጠባብ መንገድ ማሳለፍን እኔ አላስተምራችሁም።

እዚህ መካከላችን የሰባ ሰባትን ረሃብ በዓይናቸው ያዩ ወላጆች ተቀምጠዋል። እነሱ ባሉበት ስለ ረሃቡ መናገር ድፍረት ነው፤ እኔ የማወራችሁ ስለ እህሉ ጉዞ ነው።

የተራበው ሰው ደጋ ላይ፣ ስንዴው አሰብ ወደብ ላይ ነበር። መርከብ ሲራገፍ መኪና ይጠፋል፤ መኪና ሲገኝ መንገዱ ያልቃል። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ፊንላንዳዊውን ኩርት ያንሰንን አዲስ አበባ የላከው ያኔ ነው። ሥራው እህል ማደል ሳይሆን የመንግሥትን የእርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን፣ የአብያተ ክርስቲያናትን ድርጅቶችና እርስ በርስ የማይተማመኑ መንግሥታትን ማገናኘት ነበር።

በ1977 ዓ.ም. ጥር ላይ መኪና በማይደርስባቸው ደጋዎች እህል ከአየር መጣል ተጀመረ። የሚጥሉት የእንግሊዝና የምዕራብ ጀርመን አውሮፕላኖች ነበሩ፤ ስንዴው በተደራረበ ጆንያ ይሞላና አውሮፕላኑ መሬት ሊነካ እስኪመስል ዝቅ ብሎ ይለቀዋል። ቀድሞ ሄዶ ሜዳውን የሚያየው ግን የፖላንድ ሄሊኮፕተር ነበር። ልብ በሉ፤ ፖላንድ በሶቪየት ወገን፣ እንግሊዝና ምዕራብ ጀርመን በአሜሪካ ወገን ሆነው ኒውክሌር ደግነው የተፋጠጡበት ዘመን ነው። ስለተዋደዱ አይደለም አብረው የሠሩት፤ ሥራው ስለተከፈለ ነው። ከታች ደግሞ ጆንያውን ሰብስቦ ለማን እንደሚሰጥ የሚያውቅ የአገሬው ሰው ባይኖር ኖሮ ያ ሁሉ በረራ ስንዴ መድፋት ብቻ ይሆን ነበር።

በወሎ ቅሬም፣ ማለትም በእድሩ፣ ሥራ የሚከፈለው እንደዚሁ ነው። ሰው ሲሞት ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ይወጣል፤ መቃብር የሚቆፍረው፣ እንጨት የሚያመጣው፣ ለለቀስተኛው ምግብ የሚያሰናዳው ግን ለየብቻ ነው። ሁሉም ቆፋሪ ልሁን ቢል ለቀስተኛው ጦሙን ያድራል።

የኛ ዘመን ታሪክ ያን ያህል አያኮራም። በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ መጋዘን ተዘረፈ፤ የዓለም ምግብ ፕሮግራምም በሁለቱ ከተሞች ዕደላውን አቆመ። በሰኔ 2015 ደግሞ እህሉ ለተረጂው ሳይደርስ እየተሰረቀ በየመንገዱ ይቀራል ተብሎ አሜሪካና የዓለም ምግብ ፕሮግራም በመላ አገሪቱ የምግብ እርዳታውን ለወራት አቋረጡ። የሰረቀው ሌላ፣ የተራበው ሌላ። በእኔ እምነት በሌባ ጥፋት ድሃን ማስራብ ፍርድ አይባልም። ሆኖም ሲመለሱ ካስተካከሏቸው ነገሮች አንዱ የተረጂዎች ምዝገባ መሆኑን አትርሱ።

ይህ ምዝገባ ነው የናንተ ሥራ። የምግቡ ድርጅት አንድ፣ የውኃው ሌላ፣ የሕፃናቱ አልሚ ምግብ ሌላ ይሆናል፤ ሦስቱም በየራሳቸው መኪና መጥተው «የተቸገረው የታለ?» ይሏችኋል። ለሦስቱም ያንኑ አንድ ዝርዝር ስጧቸው። በሕዝብ ፊት ይነበብ፤ ቄሱም ሼሁም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም ይፈርሙበት። የማይገባው ስም ከገባ፣ የኃላፊ ዘመድም ቢሆን፣ አንሡና ጠይቁ፤ ይህ ያስጠላችኋል፤ ቻሉት። ገደል አፋፍ ላይ የምትኖር፣ ማደያው ድረስ መምጣት የማትችል አሮጊት ካለች፣ ድርሻዋን የሚያደርስላትን ሰው ከስሟ ጎን ጻፉ። ያ ሰው ካልተገኘ ራሳችሁ ተሸከሙላት።