የዋሻው ዋጋ፦ የአብርሃም የዕለት ተዕለት እምነት



የአብርሃም እምነት ሲነሣ ሁላችን የምናስበው የሞሪያን ተራራ ነው። እኔ ግን ዛሬ ወደ ዘፍጥረት ምዕራፍ 23 ልወስዳችሁ እወዳለሁ። አብርሃም በ75 ዓመቱ ከካራን ወጥቶ ከነዓን ሲገባ ምድሪቱ ለዘሩ እንደምትሰጥ ተስፋ ተቀበለ። ከ62 ዓመት በኋላ ሣራ በ127 ዓመቷ ስታርፍ ግን አስከሬኗን የሚያሳርፍበት ስንዝር መሬት አልነበረውም። ተስፋውን ጠቅሶ ርስት አልነጠቀም፤ ኬጢያዊው ኤፍሮን በነጻ ልስጥህ ቢለውም እሺ አላለም፤ በከተማው በር፣ በሕዝብ ፊት 400 ሰቅል ብር መዝኖ የመክፈላን ዋሻ ገዛ።

መታዘዝን የምረዳው እንዲህ ነው፦ የተስፋውን ፍጻሜ ለሰጪው ትቶ፣ የዕለቱን ዋጋ በሐቅ መክፈል። የሌላውን ሰው ጽሑፍ ገልብጦ ስሙን የሚያሰፍር ተማሪ የጎደለው ትጋት ብቻ አይደለም፤ ዕውቀት በጊዜው እንደሚመጣለትም አላመነም። ማዕረግ ለማፋጠን የተማሪውን ድካም የራሱ የሚያደርግ መምህርም ከዚህ አይለይም። የሚታመን ሰው አይነጥቅም፤ መጠበቅ ይችላልና።

አብርሃም ራሱ በ175 ዓመቱ ሲያርፍ የተቀበረው ሙሉ ዋጋ በከፈለበት በዚያው ዋሻ ነው።