ወደ ባሕር ዳር ኮራል ለመጓዝ ስለሚደረግ ዝግጅት



ከአዲስ አበባ ጂቡቲ የሚያደርሰው አዲሱ የባቡር ሐዲድ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2018 ዓ.ም. የዘወትር ሥራውን ጀምሯል። እንግዲህ ተማሪዎቹን ወደ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ወስዶ ኮራል ሊያሳይ የሚያስብ መምህር ቢኖር፣ ጉዞው ለልጆቹም ለባሕሩም ጉዳት እንዳይሆን አስቀድሞ ሊያሰናዳው የሚገባውን ጥቂት እነግራችኋለሁ።

በአርታ ወገን ከዳር ብዙ ሳይርቅ የሚገኘው ኮራል ለዓይን ድንጋይ ይመስላል፤ ነገር ግን ድንጋዩን የሚሠሩት እጅግ ደቃቅ እንስሳት ናቸው። በሥጋቸው ውስጥ አልጌ ያድራል፤ እርሱም በፀሐይ ብርሃን ምግብ እየሠራ ይመግባቸዋል። ባሕሩ ከልክ በላይ ሲሞቅ አልጌው ይለያቸውና ይነጣሉ፤ ሙቀቱ ከቆየም ይሞታሉ። ክብ ሆኖ የሚያድገው ኮራል በዓመት የሚጨምረው አንድ ሴንቲሜትር ያህል ነው። ስለዚህ የአንድ ልጅ እግር በቅጽበት የሚሰብረው የብዙ ዓመት ሥራ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ወራቱን ምረጡ። ትምህርት ቤት የሚዘጋበት ክረምት ለእኛ የዝናብ ጊዜ ቢሆንም፣ በጂቡቲ ግን ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ የሚያልፍበት ነው። ስለዚህ ጉዞው ከኅዳር እስከ ጥር ይሁን፤ በዚያ ወራት ከዓሣ ሁሉ የሚገዝፈው የሻርክ ወገን ምግቡን ፍለጋ ወደ ዳር ይቀርባል።

ሁለተኛም ሽማግሎች ሆይ፣ ማን ዋና እንደሚያውቅ ከየወላጁ ጠይቃችሁ ለመምህሩ በጽሕፈት ስጡት። የደጋ ልጅ ዋና ባያውቅ ነውር አይደለም፤ ሳያውቅ መግባቱ ግን ሞት ነው። ባሕሩ ሲጐድል ከአሸዋው ላይ ቁሞ ማየት ይችላልና ከትምህርቱ አይጐድልበትም። ዋና የሚያውቀው ግን ባሕሩ ሲሞላ ይግባ፤ ውሃው ሲሳሳ ኮራሉ ገላውን ይልጠዋልና። የሙላቱንና የጕድለቱን ሰዓት ከአገሩ ዓሣ አጥማጆች ጠይቁ።

ሦስተኛም ወፍራም ጫማ ይዘጋጅ። ድንጋይ የሚመስል መርዘኛ ዓሣ በሥፍራው አለና፣ ልጅ ቢወጋ የተወጋውን እግር ቆዳ በማያቃጥል ሙቅ ውሃ ነክራችሁ ፈጥናችሁ ወደ ሐኪም አድርሱት።

በመጨረሻም ከኮራሉ ስባሪ እንኳ አታስነሡ። ልጁ ወደ አገሩ ይዞት የሚመለሰው በደብተሩ የሣለው ሥዕል ይሁን፤ ከእርሱ በኋላ የሚመጣውም ልጅ ያንኑ ኮራል በሕይወቱ ያገኘዋል።