ኢያጎን ለማን እንስጠው? በሼክስፒር «ኦቴሎ» ውስጥ ስላለው እኩይ ገጸ ባሕርይ



የዝግጅት ትምህርት የሚከታተሉ ተማሪዎች ደጋግመው የሚያነሡት አንድ ጥያቄ አለ፤ «ኢያጎን ለማን እንስጠው?» የሚል። ጥያቄው በሚነሣበት ጊዜ ብዙውን ጊዜ መልሱ ቀድሞ ተወስኗል። ድምፁ ሻካራ፣ ዓይኑ የሚያስፈራ፣ ገና ከመጋረጃው ጀርባ ብቅ ሲል ተመልካቹን የሚያስደነግጥ ተዋናይ ይታጫል። ይህ ምርጫ ተውኔቱን ከመሠረቱ እንደሚያፈርሰው ዛሬ ላስረዳችሁ እሞክራለሁ።

ሼክስፒር ታሪኩን ያገኘው ቺንቲዮ የተባለው ጣሊያናዊ ደራሲ እ.ኤ.አ. በ1565 ካሳተመው የታሪኮች ስብስብ ነው። በዚያ ታሪክ ውስጥ ክፉው ሰው ስም እንኳ የለውም፤ ሰንደቅ ያዥ ተብሎ ብቻ ይጠራል። ይሁንና ደራሲው የሰውየውን መልከ መልካምነት ሳይጠቅስ አላለፈም። የክፋቱም ምክንያት ግልጽ ነው፤ ዴዝዴሞናን ይወዳል፣ እርሷ ግን ልብ አላለችውም። ሼክስፒር ይህን ግልጽ ምክንያት ወስዶ አደበዘዘው። የእርሱ ኢያጎ አንድ ጊዜ ሹመት ተነፈግሁ ይላል፤ ሌላ ጊዜ ኦቴሎን በሚስቱ ይጠረጥራል፤ ቆየት ብሎ ደግሞ ካሲዮን በዚያው ነገር ይከስሳል። ምክንያቱ በበዛ ቁጥር እምነታችን ይሳሳል። እንግሊዛዊው ባለቅኔ ኮልሪጅ ኢያጎን ምክንያት ለሌለው ክፋቱ ምክንያት የሚያፈላልግ ሰው አድርጎ ተመልክቶታል። እኔ በዚህ ሙሉ በሙሉ አልስማማም። ምክንያቱ በአንድ ቃል ውስጥ ተሸሽጎ ይገኛል ባይ ነኝ።

ይህ ቃል በተውኔቱ ሁሉም ሰው ለኢያጎ የሚሰጠው ቅጽል ነው። በአማርኛ «ሐቀኛ» ወይም «ታማኝ» ልንለው እንችላለን፤ እኔ «ታማኝ»ን እመርጣለሁ። በቋንቋችን ማን ማንን ታማኝ እንደሚል እስኪ አስቡት። ጌታ አሽከሩን፣ ባለሱቅ ተቀጣሪውን ይላል። ሎሌ ግን ጌታውን «ታማኝ ነዎት» ብሎ አያመሰግንም። ቃሉ ሙገሳ ነው፤ ከሙገሳው ጋር ግን «አንተ እዚያው ቁም» የሚል ወሰን ያበጃል። ኦቴሎ ምክትልነቱን ለካሲዮ ሰጥቶ ለኢያጎ ያስቀረለት ይህን ቃል ነው። ይባስ ብሎ ሚስቱን ወደ ቆጵሮስ እንዲያደርስለት በአደራ የሚሰጠውም ለእርሱ ነው። ኢያጎ ደግሞ በራሱ አንደበት እንደሚነግረን ገና የ28 ዓመት ወጣት እንጂ የሸመገለ ሴረኛ አይደለም። ስለዚህ ተዋናዩ «ታማኙ ኢያጎ» በተባለ ቁጥር በትሕትና ጎንበስ እያለ በውስጡ መቁሰል የሚችል መሆን አለበት። እ.ኤ.አ. በ1881 ለንደን ላይ ከሄንሪ ኧርቪንግ ጋር ኦቴሎንና ኢያጎን እየተፈራረቀ የተጫወተው አሜሪካዊው ኤድዊን ቡዝም የመከረው ይህንኑ ነበር፤ ተዋናዩ ክፋቱን ዘወትር ያስብ እንጂ አያሳይ።

ወደ ሦስተኛው ገቢር ሦስተኛ ትዕይንት እንሂድ፤ ተውኔቱ የሚሞተውም የሚድነውም እዚህ ነውና። ኢያጎ መጀመሪያ ላይ እምብዛም አይዋሽም። ካሲዮ ከዴዝዴሞና ተለይቶ ሲሄድ አይቶ አንድ ነገር ያጉረመርማል። ምን አልክ ሲባል «ምንም» ይላል። ሲጠየቅ የጠያቂውን ቃል መልሶ ያስተጋባል። ቅኔ የተማረ ሰው ወርቁን ከሰሙ ሥር ያኖራል፤ ኢያጎ ግን ሰሙን ብቻ ዘርግቶ ወርቁን ኦቴሎ ከገዛ ጓዳው እንዲያመጣ ያደርገዋል። ኦቴሎም ያመጣል፤ ጥቁርነቱን፣ ዕድሜውን፣ የቬኒስን ወግ አለማወቁን።

ይህን ትዕይንት ክፋቱ ከፊቱ የሚነበብ ተዋናይ ቢጫወተው ምን ይሆናል? ተመልካቹ ወጥመዱን ያያል፤ ኦቴሎ አያይም። እንግዲያው ኦቴሎ ሞኝ ነው ማለት ነው። ኢያጎ በብቻ ንግግሩ ስለ ጥቁሩ የጦር አዛዥ የሚሰጠው ፍርድ ደግሞ በትክክል ይኸው ነው፤ በቀላሉ የሚነዳ የዋህ ይለዋል። አዘጋጁ ሳያስበው የኢያጎን ንቀት እውነት ያደርገዋል፤ ዴዝዴሞናም በአንድ ቂል እጅ የሞተች ምስኪን ትሆናለች። ተመልካቹም ወደ ቤቱ የሚገባው እኔ እንዲህ አልታለልም እያለ ነው።

ጸጋዬ ገብረ መድኅን «ኦቴሎ»ን ወደ አማርኛ ስለመለሰው ጉዳዩ የባዕድ መድረክ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በእኛ መድረክ ላይ ኦቴሎም ኢያጎም ጥቁር ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2015 የእንግሊዙ ሮያል ሼክስፒር ኩባንያ ኢያጎን ለጥቁሩ ተዋናይ ለሉሺያን ምሳማቲ በሰጠ ጊዜ ትልቅ ዜና ሆኖ ነበር፤ ለእኛ ግን ሌላ ምርጫ የለንም። ጥላቻው በቆዳ ቀለም የማይታይ ከሆነ በምን ይታይ? የእኔ ግምት በአንቱታ ነው። በኦቴሎ ፊት «እርስዎ» ሲል የዋለው አንደበት ብቻውን ሲቀር «እሱ» ማለት ይጀምር። እንግሊዝኛው ይህ መሣሪያ የለውም። ድምፅ ሳይጨምር፣ ቅንድብ ሳያነሣ፣ በአንድ ተውላጠ ስም ብቻ ቢደረግ ይበቃል።

ስለዚህ ተዋናይ ስትመርጡ የብቻ ንግግሮቹን አታስነብቡ፤ እነርሱን ሁሉም ሰው አስፈሪ አድርጎ ማንበብ ይችላል። በሁለተኛው ገቢር ካሲዮ ሰክሮ ሹመቱን ካጣ በኋላ ኢያጎ የሚያጽናናበትን ክፍል ስጧቸው። የሚሰጠው ምክር እኮ መልካም ምክር ነው፤ ዴዝዴሞናን ለምን፣ ታማልድሃለች ይለዋል። የሁሉንም ንባብ ከኋላ ወንበር ሆናችሁ አዳምጡ። ችግር ቢገጥማችሁ ልታማክሩት የምትፈልጉት ሰው ሲያነብ ከሰማችሁ፣ ሚናውን ለእርሱ ስጡት።