አይጥ የአንድ ቤት ጠላት አይደለችም

(ሚያዝያ 25 ቀን 2018 ዓ.ም. በተደረገው የመንደራችን ማኅበር ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የማኅበሩ ጸሐፊ ያሰማው ንግግር ነው። በስብሰባው ያልተገኙ አባላት እንዲያነቡት በሰሌዳው ላይ ተለጥፏል።)



ዛሬ የተሰበሰብነው ስለ አይጥ ለመነጋገር ነው። አንዳንድ ሰው «ለአይጥ ደግሞ ስብሰባ ያስፈልጋል ወይ?» ብሎ ሊስቅ ይችላል። ነገር ግን ባለፈው ወር በመንደራችን አንድ ሕፃን በተኛበት ጣቱን በአይጥ ተነክሷል። በሁለት ቤት ደግሞ ለቀለብ የተቀመጠ ጤፍ ተበላሽቶ ተደፍቷል። ከሁሉ የከፋው ግን ጎረቤትና ጎረቤት «አይጧ የምትመጣው ካንቺ ቤት ነው፣ የለም ካንተ ቤት ነው» እየተባባለ ቡና መጠራራት ማቆሙ ነው። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኸው ነው።

እስቲ መጀመሪያ ጠላታችንን እንወቃት። አንዲት አይጠ መጎጥ ባረገዘች በሦስት ሳምንት ገደማ ትወልዳለች። ባንድ ጊዜ ከ6 እስከ 12 ልጆች ልትወልድ ትችላለች። ልጆቿም በሦስት ወር ውስጥ ራሳቸው ለመውለድ ይደርሳሉ። ስለዚህ «እኔ ቤት ያሉት ሁለት ብቻ ናቸው» ብሎ መቀመጥ አያዋጣም። አንዷ በቀን 20 ግራም እህል ብትበላ፣ ዐሥሩ በወር 6 ኪሎ ይጨርሳሉ። ይህ የሚበላው ብቻ ነው፤ በሽንቷና በዓይነ ምድሯ የምታበላሸው ሌላ ነው።

በሽታም ታመጣለች። ሽንቷ ከጎርፍና ከኩሬ ውኃ ጋር ሲቀላቀል ሌፕቶስፒሮሲስ የሚባለውን በሽታ ያስተላልፋል። በሽታው በእግር ቁስል በኩል ይገባል። ልጆቻችን ክረምት ላይ በባዶ እግራቸው ጎርፍ ውስጥ ሲጫወቱ ሁላችንም እናያለን። የአይጥ ቁንጫም የተስቦ ዓይነት በሽታ ታስተላልፋለች። እንግዲህ ክረምቱ ሳይገባ መነሳት አለብን የምንለው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ መርዙ ጉዳይ ልምጣ። ብዙ አባላት «ማኅበሩ መርዝ ገዝቶ ለየቤቱ ያድል» ብላችኋል። ኮሚቴው ተነጋግሮበት አልተቀበለውም። ምክንያቱን ልዘርዝር።

አንደኛ፣ በየመንገዱ በድምፅ ማጉያ እየተጮኸ የሚሸጠው መርዝ ብዙውን ጊዜ ምንም ጽሑፍ የለበትም። ምን እንደሆነ ካልታወቀ፣ ልጅ ቢቀምሰው ሐኪሙ በምን ያክመው? ሁለተኛ፣ ቶሎ የሚያሳምም መርዝ ጥቂት ቀምሳ የተረፈች አይጥ ያንን ምግብ ዳግመኛ አትነካም። ሦስተኛ፣ መርዝ የበላችው አይጥ ኮርኒስ ውስጥ ገብታ ትሞትና ቤቱን ታገማለች። መርዝ የበላችውን አይጥ የበላች ድመትም ልትሞት ትችላለች፤ ያን ጊዜ ወዳጃችንንም ገደልን ማለት ነው።

በተለይ ለእህል ነቀዝ የሚሸጠውን ክኒን አደራ፣ ቤት ውስጥ አታስገቡ። እርጥበት ሲያገኝ የሚያወጣው ጋዝ ሰው በተኛበት ይገድላል፤ ማርከሻ መድኃኒትም የለውም። ማንም ሰው የአይጥ መርዝ ከዋጠ «ወተት ይጠጣ» እያላችሁ ጊዜ አታጥፉ፤ እንዲያስመልሰውም አታድርጉ። መያዣውን ይዛችሁ በፍጥነት ሆስፒታል ውሰዱት። አይጥ የነከሰችውን ደግሞ ቁስሉን በሳሙናና በብዙ ውኃ አጥባችሁ ጤና ጣቢያ አሳዩት።

ወጣቶች ደግሞ «በጭራ ቁጥር ይከፈለን» የሚል ሐሳብ አቅርባችኋል። ትጋታችሁ ያስመሰግናል። ግን ይህ ነገር ተሞክሮ ያውቃል። በ1902 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ በቬትናም ሃኖይ ከተማ የፈረንሳይ ገዢዎች ለአንድ የአይጥ ጭራ ይህን ያህል እንከፍላለን አሉ። ጭራው በብዛት መጣ፤ አይጡ ግን አልቀነሰም። በኋላ ሲታይ ጭራቸው የተቆረጠ አይጦች በከተማው ይሮጡ ነበር። ሰዉ ጭራውን ቆርጦ አይጧን ይለቃታል፣ እንድትወልድለት። አይጥ የሚያረባም ተገኘ። ስለዚህ እኛ የምንፈልገው ጭራ ሳይሆን ንጹሕ ሰፈር ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? አይጥ የምትኖረው ምግብና መደበቂያ ስላገኘች ነው። አንድ ቤት ብቻውን ቢያጸዳ ወደ ጎረቤት ትሻገራለች፤ ጎረቤት ሲያጸዳ ትመለሳለች። ሁላችንም ባንድ ቀን ከተነሳን ግን የምትሄድበት የላትም። ስለዚህ ኮሚቴው የሚከተለውን ወስኗል።

1. ከነገ ጀምሮ ለየቤቱ ወጥመድ ይታደላል፤ ወጪው ከማኅበሩ ሣጥን ነው። አይጥ አዲስ ነገር ስለምትፈራ፣ መጀመሪያ ወጥመዱን ሳታጠምዱ ምግብ ብቻ አድርጋችሁ ለጥቂት ቀናት ተዉት፤ ትልመደው። ወጥመዱ የሚቀመጠው መካከል ወለል ላይ ሳይሆን ግድግዳ ሥር ነው፤ ምግብ ያለበት ጫፍ ወደ ግድግዳው ይዙር። ለውዝ ወይም ቅቤ የነካው እንጀራ ጥሩ ነው። ልጅ የማይደርስበት ቦታ ይሁን።

2. እህል በማዳበሪያ ከረጢት አይቀመጥ፤ በጥርሷ ትቀደዋለች። ክዳን ባለው በርሜል ይደረግ። በርሜል የሌለው ሰው ለኮሚቴው ያመልክት፤ ባንድ በርሜል ሁለት ቤት እንዲጠቀም እናስማማለን።

3. እሑድ ግንቦት 9 ቀን ከጧቱ 1 ሰዓት ጀምሮ አጠቃላይ ጽዳት ይሆናል። ቦዩ ይጠረጋል፤ የተከመረ እንጨት፣ አሮጌ ቆርቆሮና ቁርጥራጭ ይነሳል። ጠላ የሚጠምቁ እናቶች አተላውን ቦይ ውስጥ እንዳይደፉ እንለምናለን፤ ክዳን ባለው ባልዲ ይቆይና ከብት ላላቸው ይሰጥ። ለውሻና ለዶሮ የተሰጠ ትርፍራፊም አያድር።

4. በዚያው ቀን ማታ ወጥመዱ በሁሉም ቤት ይጠመዳል። የሞተችውን አይጥ በባዶ እጅ አትንኩ፤ እጃችሁን በፌስታል ሸፍናችሁ አንሡና በጥልቅ ጉድጓድ ቅበሩ። ዓይነ ምድሯን በደረቁ አትጥረጉት፤ አቧራው ይተነፈሳል። አንድ እጅ በረኪና ከዘጠኝ እጅ ውኃ ጋር በጥብጣችሁ አርሱት፤ አምስት ደቂቃ ቆይታችሁ በጨርቅ አንሡት።

5. ቀዳዳ የሚደፈነው በመጨረሻ ነው፤ አለበለዚያ ውስጥ ያለችውን ቆልፈን መተኛታችን ነው። ቀዳዳውን ማታ በጋዜጣ ወረቀት ጠቅጥቁት። ጧት ወረቀቱ ወጥቶ ካገኛችሁት አይጥ አለችበት፤ ወጥመዱን እዚያው አጥምዱ። ወረቀቱ ለተከታታይ ቀናት ካልተነካ የድስት መፈተጊያ ሽቦ ጠቅጥቃችሁ በሲሚንቶ ድፈኑት። ጭቃ ብቻውን አይበቃም። አውራ ጣት በሚያስገባ ቀዳዳ አይጠ መጎጥ ትገባለች፤ እርሳስ ለሚያስገባው ደግሞ ትንሿ የቤት አይጥ አለችለት።

አቅም የሌላቸውንና ብቻቸውን የሚኖሩትን አረጋውያን ቤት ወጣቶች ያጸዳሉ፤ ስማቸው ከጎረቤት ይሰብሰብ። አንድ ቤት ከቀረ ሥራው ሁሉ ከንቱ ነውና፣ ማንም «እኔን አይመለከተኝም» አይበል። የተከራየም ሆነ ያከራየ እኩል ይመለከተዋል።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። አይጧ ከማን ቤት እንደመጣች ማንም አያውቅም፤ ብናውቅም አይጠቅመንም። በግድግዳችን ሥር ስትሄድ የእገሌ አጥር፣ የእገሊት ጓዳ አትልም። የተኳረፋችሁ ጎረቤቶች ካላችሁ፣ በዚያ እሑድ አንዳችሁ አካፋ፣ አንዳችሁ ባልዲ ይዛችሁ ኑ። ቦዩን እየጠረጉ መኳረፍ ያስቸግራል። ከሥራው በኋላ ቡናው በማኅበሩ ነው።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። እኛ አንበሳ አልመጣብንም፤ አይጥ ናት። ከተባበርን አታቅተንም።



የማኅበሩ ጸሐፊ