ስለ ጣራ ውሃና ስለ ሕፃናት ጥርስ



ስናገር እጄን ወደ አፌ ባስጠጋ ይቅርታ አድርጉልኝ፤ የቆየ ልማድ ነው። ጥርሴ እንደምታዩት ቡናማ ነው። ወደዚህ ትምህርት ቤት በመጣሁበት ዓመት «ጥርስህን አትፍቅም ወይ?» የሚሉኝ ነበሩ። እናቴ ግን መፋቂያ ሳልይዝ ከቤት አታስወጣኝም ነበር። ነገሩ የመፋቅ ሳይሆን የውሃ ነው።

የተወለድሁት ከዝዋይ ሐይቅ በማይርቅ መንደር ነው። በስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ ጋር ብዙ ዘመን ስለሚቆይ ፍሎራይድ የተባለውን ንጥረ ነገር ይዞ ይወጣል። የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ሊትር ከ1.5 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ይመክራል፤ በእኛ አገር ግን ከዚህ ብዙ እጥፍ ያለባቸው ጉድጓዶች አሉ። ሕፃን ጥርሱ ገና በድዱ ውስጥ ሲሠራ፥ ይኸውም እስከ 8 ዓመት ገደማ፥ ይህን ውሃ ቢጠጣ ጥርሱ ቡናማ ሆኖ ይወጣል። ብዙ ዘመን የጠጣውም ሰው አጥንቱ ይታመማል፤ በወንጂ ስኳር እርሻ መንደሮች ወገባቸው የደነደነ ሠራተኞች በሐኪሞች ተመርምረው የተገኘው ምክንያት ይኸው ነው። ውሃውን ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ ፍሎራይድን አያስወጣም።

ይህን በኬሚስትሪ ክፍል ስሰማ ትዝ ያለኝ የቤታችን ቆርቆሮ ነበር። ፍሎራይድ የሌለበት ለማለት የሚቻለው ዝናም ከጣራው ወደ ቦይ ሲፈስ፥ እናቴ ጀሪካን አዝላ ወደ ጉድጓዱ ትሄድ ነበር!

በ1 ካሬ ሜትር ጣራ ላይ የወረደ 1 ሚሊ ሜትር ዝናም 1 ሊትር ውሃ ነው። ጣራችን 30 ካሬ ሜትር፥ የአካባቢያችን ዝናም በዓመት 700 ሚሊ ሜትር ያህል ስለ ሆነ 21,000 ሊትር ይወርድልናል። አንድ አምስተኛው ቢባክን እንኳ 16,800 ይቀራል። ስድስት ሰዎች ለመጠጥና ለወጥ በቀን 30 ሊትር ብንፈጅ በዓመት 10,950 ነው። እንግዲህ ጣራው ይበቃል፤ የማይበቃው ማጠራቀሚያው ነው።

ባለፈው ክረምት ከቆርቆሮ አሸንዳ ሠርቼ 200 ሊትር የሚይዝ በርሜል አስቀመጥሁ። እናቴ «ልጄ፥ የወፍ ኩስ ያጠበ ውሃ ልታጠጣን ነው?» አለችኝ። እውነቷን ነበር። ስለዚህ ዝናም በጀመረ ቁጥር ጣራውን ያጠበውን ፊተኛ ውሃ ወደ ውጭ እናፈሳለን፤ የቀረውን በነጠላ አጥልለን ለመጠጥ እናፈላዋለን። አንድ ጊዜ ክዳኑን ረስቼ የወባ ትንኝ ትል ፈላበት፤ ያንን ሁሉ ውሃ ደፋሁት። አያቴ እስከ ዛሬ «አልጫ ነው» ትላለች።

በርሜሉ ለስድስታችን አንድ ሳምንት አልሞላም። ከጥቅምት እስከ የካቲት ላሉት 150 ቀኖች ለሁላችን 4,500 ሊትር ያስፈልጋል፤ ይህም የሲሚንቶ ገንዳ ነው፥ ገንዘቡም የለንም። ነገር ግን የእኔ ጥርስ አንድ ጊዜ ወጥቷል። ገና ያልወጣው የሁለቱ ታናናሾቼ ቋሚ ጥርስ ነው፤ አንዱ 3፥ አንዷ 5 ዓመታቸው ነው። ለእነርሱ መጠጥና ገንፎ ብቻ በቀን 4 ሊትር ብንመድብ 600 ሊትር፥ ማለት ሦስት በርሜል፥ በጋውን ያሻግራል።

ሁለተኛውን በርሜል አባቴ ለገና ገዛው፤ ሦስተኛው ይቀረናል። ከአካባቢያችን የመጣችሁ ወላጆች የጣራችሁን ርዝመትና ስፋት ብትነግሩኝ፥ እርሳስና ወረቀት ይዤ በበሩ አጠገብ እቆያለሁ።