ስለ ገላ መታጠቢያ ቅጠላ ቅጠል
(በወርሃዊ ስብሰባችን ላይ የተደረገ አጭር ንግግር)



ጦስኙንም የሥጋ መጥበሻውንም አድርቀን፣ በሙቅ ውሃ ዘፍዝፈን ገላችንን እንታጠባለን። መልካም ነው። ነገር ግን የደረሰብንን ልንነግራችሁ ወደድን።

ከመካከላችን አንዲት እናት ጤና አዳም በዘፈዘፉበት ውሃ ታጥበው ፀሐይ ሲሞቁ ዋሉ። በሁለተኛው ቀን ክንዳቸው ቀልቶ ውሃ ቋጠረ። ጠባሳው እስካሁን አለ። ጤና አዳም ለቡናችን ጥሩ ነው፤ ገላ ላይ ሆኖ ፀሐይ ሲያገኘው ግን ያቃጥላል። ደረቁም ቢሆን ያው ነው። ስለዚህ ለመታጠቢያ አናድርገው። እንዶድም ለልብስ ይሁን፤ ዓይን ይጎዳል።

ሌላውን ቅጠል ደግሞ እንዲህ እናድርግ፦

ጥላ ውስጥ እስኪንኮሻኮሽ እናድርቀው። የሻገተውን ሳንሳሳ እንጣል።

ውሃውን በንጹሕ ስስ ጨርቅ እናጥልለው፤ ስንጥሩ ገላ ይቧጭራል።

አዲስ ቅጠል ከሆነ መጀመሪያ ክንዳችን ላይ ጥቂት ነክተን አንድ ቀን እንጠብቅ። ካሳከከን ይቅር።

የተረፈውን ውሃ አናሳድር።

ለጨቅላ ሕፃንና ለነፍሰ ጡር ሐኪም ሳንጠይቅ አናድርግ።

ስሙን የማናውቀውን ቅጠል ደግሞ ጨርሶ አንንካ።

ያልመጣ ጎረቤት ካለ፣ የሰማ ይንገረው።

የማኅበሩ ጸሐፊ