ስለ ብጉንጅ ቅባት
(በእድራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



እኛ ሐኪም አይደለንም፤ ዕድሜያችንን የፈጀነው መዝገብ ቤት ወረቀት ስናገላብጥ ነው። ይሁንና ባለፈው ዓመት በመካከላችን የደረሰው ነገር ዝም የሚያሰኝ ስላልሆነ፣ ባለሙያ ጠይቀን የተረዳነውን ልናካፍላችሁ ተነሥተናል።

ያ ጥቁሩ፣ ሬንጅ ሬንጅ የሚሸተው ቅባት ኢክታሞል ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ በጀርመን አገር የታወቀ መድኃኒት ሲሆን፣ የዓሣ ቅሪት ካለበት ድንጋይ በወጣ ዘይት የተሠራ ነው። ስሙም ከግሪኮች የዓሣ ስም የመጣ ነው። እኛ «መግል ይስባል» እንላለን። ነገሩ እንዲያ አይደለም። ቆዳ ያለሰልሳል፣ መቆጣቱንም በመጠኑ ያበርዳል እንጂ ከሥር የተቋጠረውን መግል መጥጦ አያወጣም። ትልቁን ብጉንጅ በንጹሕ መሣሪያ መክፈት የሐኪም ሥራ ነው።

ታዲያ ምን ደረሰ? አንድ ወንድማችን የስኳር ሕመም አለበት። ዛሬም እዚሁ ተቀምጧል፣ እንድንናገርም ፈቅዶልናል። በእግሩ ጣት ላይ እባጭ ወጣበት። «ቀባ አድርገው፣ ይስበዋል» ያልነው እኛው ነን፤ ቅባቱንም ከቤታችን አምጥተን የሰጠነው እኛው ነን። ስኳር የእግርን ስሜት ስለሚያደነዝዝ አላመመውም፤ ስላላመመው ደግሞ የዳነ መሰለን። ሦስት ሳምንት ተሸፍኖ ከረመ። ጣቱ ሲጠቁር እንኳ የቅባቱ ጥቁረት ነው አልን! በመጨረሻ ጣቱ ተቆረጠ።

ስለዚህ ስኳር ያለበት ሰው እግሩ ሲቆስል ቅባት ሳይፈልግ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂድ። በአፍንጫና በላይኛው ከንፈር አካባቢ የወጣ ብጉንጅም አይነካካ፣ አይፍረጥ፤ መርዙ ወደ አንጎል ሊዘልቅ ይችላል። ትኩሳት ከመጣ ወይም ቅላቱ ከተስፋፋ እንደዚሁ። ስሜት የሌለው ነጣ ያለ ምልክት ከታየ ደግሞ የቅባት ነገር አይደለም፤ በ1958 ዓ.ም. ለሥጋ ደዌ ሕሙማን የተቋቋመው አለርት ሆስፒታል ዛሬ ማናቸውንም የቆዳ ሕመም ያያል፤ ከዓለም ገናም ሩቅ አይደለም።

ትንሽ ብጉንጅ ከሆነስ? ዋናው መድኃኒት ሙቅ ውኃ ነው። ንጹሕ ጨርቅ ነክሮ፣ ሳያቃጥል፣ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ በቀን ሦስት አራት ጊዜ መያዝ። ቅባቱን የወደደ ስስ አድርጎ ይቀባና በፋሻ ይሸፍን፤ ጋቢ ከነካ አይለቅም፣ ሚስቶቻችን ያውቁታል። አስቀድሞ ክንድ ላይ ጥቂት መሞከር ደግ ነው፤ ካሳከከ ወይም ሽፍታ ካወጣ ይተው። በሁለት በሦስት ቀን ለውጥ ካልታየ ወደ ሐኪም። ነጭ ሽንኩርት ጨቅጭቆ ማሰር ግን ቆዳ ያቃጥላል፤ እንዲያው ተዉት።

ከባሕር ማዶ ዘመድ የሚልከውም ጥቁር ቅባት አለ፣ ዕጢ ይነቅላል የሚባል። ሥጋን የሚበላ ዚንክ ክሎራይድ የሚገባበት አለና፣ የአሜሪካ መድኃኒት ተቆጣጣሪዎች ሳይቀሩ አስጠንቅቀውበታል። ከኢክታሞል ጋር አታምታቱት።

በመጨረሻ፣ አንዱን ቅባት ለሰፈር ሁሉ ማዞራችን ይቅር። የአንዱ መግል የነካው ጣት ተመልሶ ቅባቱ ውስጥ ይገባል፤ ይህንንም ስናደርግ የኖርነው እኛው ነን።